ሊያስቆመኝ የሚችል ሰው

የጤና ተማሪዎች በሚመረቁበት አዳራሽ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሳይባል የሚያልቅ ንግግር ብርቅ ነው። አባባሉ ለዘመቻ ይሆናል፤ ለሐኪም ቤት ግን አይመጥንም። ድር ከድር አይለይም፤ አንዱን ክር መዝዘው ሌላ ቢተኩበት ጨርቁ አያውቀውም። ደቦም ያው ነው። ማጭድ የያዘ ሁሉ አጫጅ ስለሆነ፣ ጎረቤቱ እያጨደ ይሁን እያበላሸ ቀና ብሎ አይቶ መፍረድ ይችላል። በአንድ ታማሚ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙት ሰዎች ኅብረት ሌላ ነው። ሐኪሙ የፋርማሲስቷን ሥራ አይችልም፤ ነርሷ የላቦራቶሪውን ማሽን አታዝዘውም፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ስለ ኩላሊት የሚያውቀው ድሮ ለፈተና ያጠናውን ያህል ነው። አንዳቸው የሌላውን ሥራ መሥራት ይቅርና፣ በትክክል መሠራቱን እንኳ በራሳቸው ዓይን ማረጋገጥ አይችሉም።

ጥያቄው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ልመዝነው የማልችለው እውቀት ያለው ሰው «ቁም» ሲለኝ በምን አውቄ ልቁም? አልሰማም ብዬ ብቀጥል ታማሚው ሊሞት ይችላል፤ ቁም ያለኝን ሁሉ እየሰማሁ ብቆምም እንዲሁ። ብዙዎች አብሮ መሥራትን የጠባይ ጉዳይ ያደርጉታል፦ ትሑት ሁን፣ ተግባቢ ሁን፣ ፈገግ በል። እኔ ግን ከጠባይ ይልቅ የእውቀት ጥያቄ ነው እላለሁ። ሰው የራሱን እውቀት ዳር ድንበር ሳያውቅ የሌላውን «ቁም» ሊሰማ አይችልም።

በካሊፎርኒያ ባይ ኤሪያ የሚኖር አበሻ ይህን ጥያቄ በሩቁ አያየውም። ከኦክላንድ ወደ ሳን ሆዜ በ880 አውራ ጎዳና ሌሊት የሚነዳ ሰው፣ ከጎኑ ከሚያልፉት መኪኖች ውስጥ ስንቶቹ ዩኒፎርም የለበሱ የአገሩ ልጆች እንደሆኑ ይገምታል። አንዷ የነርስ ረዳት ናት፣ ቀን ትምህርት ቤት ትውላለች። ሌላው የአረጋውያን ተንከባካቢ ነው፣ ለነርስነት መግቢያ የኬሚስትሪ ኮርስ ይወስዳል። በዚህ አገር የጤና ትምህርት ቤቶች ከሌሎች ሙያ ተማሪዎች ጋር የሚደረግ ሥልጠና ያካትታሉና፣ እነዚህም ልጆች ተራቸው ሲደርስ ይገቡበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ባወጣው ሰነድ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን በሦስት ይከፍለዋል፦ የተለያየ ሙያ ተማሪዎች ስለ እርስ በርሳቸው ይማራሉ፣ አንዱ ከሌላው ይማራል፣ አብረውም ይማራሉ። አብሮ መማር ቀላሉ ነው፤ አዳራሽና ወንበር ይበቃል። ስለ ሌላው መማርም በአንድ ገለጻ ያልቃል። ከባዱ መካከለኛው ነው።

የዚህ ትምህርት ሥር ሆስፒታል አይደለም፤ አውሮፕላን ነው። ዲሴምበር 28 ቀን 1978 የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-8 አውሮፕላን 189 ሰዎች ይዞ ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ሊያርፍ ሲል፣ ጎማው ሲወርድ ያልተለመደ ድምፅ ተሰማ። ካፒቴኑ የጎማውን ነገር ሳያጣራ ላለማረፍ ወሰነና አውሮፕላኑ ለአንድ ሰዓት ያህል በሰማይ ላይ ዞረ። የበረራ መሐንዲሱ ነዳጁ እየወረደ መሆኑን ያያል። ተናግሯልም፤ ግን ካፒቴኑን በማያስቆም ቃል። የካፒቴኑ ሐሳብ ጎማው ላይ ነበር። ነዳጁ አለቀ፣ ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ፣ አውሮፕላኑ ከከተማዋ ዳርቻ ወደቀ። 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱ አንዱ ያ መሐንዲስ ነበር። በአብራሪዎቹ ክፍል ውስጥ የጠፋ እውቀት አልነበረም። እውቀቱ ካፒቴኑ ከተቀመጠበት ጥቂት እርምጃ ላይ ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ፣ በጁን 1979፣ ናሳ የአየር መንገድ ሰዎችን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሰብስቦ አወያየ። ጉዳዩን ያጠኑት ተመራማሪዎች ከሳን ሆዜ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ከሚርቀው የሞፌት ፊልድ ቅጥር፣ ከናሳ የኤምስ የምርምር ማዕከል ነበሩ። አብራሪዎች መንዳትን ብቻ ሳይሆን መናገርንና መስማትንም በሥልጠና መማር አለባቸው የሚለው ሐሳብ ከዚያ ስብሰባ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ። ዴቪድ ጋባ የሚባል የስታንፎርድ የማደንዘዣ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አመጣው፦ የሚተነፍስ አሻንጉሊት አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ ሐኪሞች በሐሰተኛ ሞት እውነተኛውን እንዲለማመዱ አደረገ። በ1999 የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በሆስፒታል ስሕተት በየዓመቱ ከ44,000 እስከ 98,000 ሰው እንደሚሞት ገምቶ ሲያወጣ፣ ነገሩ የጥቂት አጥኚዎች ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኦክላንድ የሆነው የጤና ድርጅት ካይዘር ፐርማነንቴም፣ በኮሎራዶ ያሉ ሠራተኞቹ ከባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች የወሰዱትን የአነጋገር ሥርዓት ለነርሶችና ለሐኪሞች አለማመደ። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ «ኤስባር» ይሉታል። አራት ደረጃ አለው፦ አሁን ምን ሆነ፤ ታማሚው የኋላ ታሪኩ ምንድን ነው፤ እኔ ምን ይመስለኛል፤ ምን ይደረግ እላለሁ።

እንግዲህ የኦክላንድና የሳን ሆዜ ተማሪ ይህን ሲማር፣ ነገሩ በተጸነሰበት አገር ነው የሚማረው።

ከአራቱ ደረጃዎች ሦስቱን ማንም ይወጣዋል። «የደም ግፊቱ ወርዷል» ማለት ወሬ ማድረስ ነው፤ ወሬ ነጋሪ አይጠየቅም። አራተኛው ላይ ግን ተናጋሪው ራሱን ያጋልጣል። «ይህ ይደረግ» ያለ ሰው ተሳስቶ ሊገኝ ይችላል፣ ሊሳቅበት ይችላል፣ «ማን ነህና?» ሊባል ይችላል። ሥርዓቱ ብልህ የሚሆነው እዚህ ነው። ተማሪው ካልደፈረ ዓረፍተ ነገሩ አያልቅለትም።

አንድ ቀን ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ሲሙሌሽን የሚደረግበትን ክፍል (ተማሪዎቹ «ሲም ላብ» ይሉታል) እንዳይ ተፈቅዶልኝ ነበር። አልጋው ላይ የተኛው የላስቲክ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይገልጣል። ደረቱ ይነሣል፣ ይወድቃል። አንጓው ላይ ጣት ቢያሳርፉ የደም ሥሩ ይመታል። ከጥቁሩ መስታወት ጀርባ ያለችው አስተማሪ በማይክሮፎን የታማሚውን ድምፅ ሆና ታቃስታለች። በአልጋው ዙሪያ አንዲት የነርስነት ተማሪ፣ አንድ የፊዚዮቴራፒ ተማሪና አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ቆመዋል፤ ሐኪሙን የሚጫወተው በዕድሜ የገፋ አስተማሪ ነው። የላስቲኩ ሰው እጅ ላይ ቀይ አምባር አለ፣ አለርጂ አለበት ማለት ነው፤ የእሱ የፔኒሲሊን ነው። «ሐኪሙ» ስልኩን እያየ የፔኒሲሊን ዘር የሆነውን አምፒሲሊን አዘዘ።

የነርስነት ተማሪዋ የእኛው አገር ልጅ ነበረች፤ ኦክላንድ ያደገች፣ እናቷ ሠርታ ያሳደገቻት። አምባሩን አየች፣ ሲሪንጁን አየች፣ ከዚያም ቀስ ብላ «ዶክተር፣ አለርጂውን አይተውታል አይደል?» አለች። «አዎ አዎ» አላት ቀና ሳይል። ዝም አለች። መርፌው ተሰጠ። በስክሪኑ ላይ ኦክስጅኑ 94፣ 91፣ 86 እያለ ወረደ፤ ማሽኑ ጮኸ።

ከዚያ ሁሉም ወንበር ስበው ክብ ሠርተው ተቀመጡና ቪዲዮውን አዩ። አስተማሪዋ አልተቆጣችም። ልጅቷን ምን አስበሽ ነበር አለቻት። «አይቶት ይሆናል ብዬ» አለች። ወደ ፊዚዮቴራፒ ተማሪው ዞረች። እሱም ቀዩን አምባር አይቶት ነበር፤ መድኃኒት የእኔ ጉዳይ አይደለም ብሎ ተወው። የፋርማሲ ተማሪዋ አለርጂውን በመዝገቡ አንብባዋለች፤ ነርሷ ስትጠይቅ ሰምታ፣ «እንግዲህ ተነሥቷል» ብላ አረፈች። ሦስት ሰው ያውቃል፤ ሦስቱም ዝም። ፖርትላንድ ላይ የወደቀው አውሮፕላን መንኰራኩር ባለው አልጋ ላይ ተደገመ።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ ማብራሪያ አለ፦ ይሉኝታ። ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው እየተባለች ያደገች ልጅ ሐኪም እንዴት ታቋርጣለች? እውነት አለው፤ ግን አላመንኩበትም። ሌሎቹ ሁለቱ ተማሪዎች አበሾች አልነበሩም። የዲሲ-8ቱ መሐንዲስም ጎጃም አላደገም። (ይሉኝታን የእኛ ብቻ ንብረት አድርገን መመካታችንም ሆነ ማማረራችን ሁሌ ይገርመኛል።) ሦስቱን ዝም ያሰኛቸው ከይሉኝታ የጠለቀ እምነት ነው፦ እውቀት ከሹመት ጋር ይኖራል የሚል እምነት። የበላይ የሆነው ሰው የበለጠ ያውቃልና፣ እኔ ያየሁትን እሱ ሳያየው አይቀርም። «አይቶት ይሆናል» ትሕትና ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የእውቀት ስሕተት ነው። ሹመት የቱን ያህል ቢረዝም ዓይን አያበዛም።

ስለዚህ በዚህ አገር ያሉ አሠልጣኞች ድፍረትን ለጠባይ አይተዉትም፤ በቃል ያስጠኑታል። በ2006 የወጣው «ቲምስቴፕስ» የተባለው ሥልጠና መጀመሪያ ያልተሰማ ሰው ሁለተኛ እንዲናገር ያዝዛል። ካልተሰማ ደግሞ ሦስት ቃላት በቅደም ተከተል አሉት፦ ያሳስበኛል፤ አልተመቸኝም፤ ይህ የታማሚውን ደህንነት የሚነካ ነው። የካሊፎርኒያ የነርስነት ደንብ ራሱ ነርስ ለታማሚው ጠበቃ ሆና፣ ጥቅሙን ወይም ፈቃዱን የሚጻረር ውሳኔ እንዲለወጥ መንቀሳቀስ እንዳለባት ይደነግጋል። ዝም ማለት እንግዲህ ጨዋነት ሆኖ አይቆጠርላትም፤ የፈቃድ ወረቀቷ ጉዳይ ነው።

ስለ ሁለቱ ከተሞች፣ ስለ ኦክላንድና ስለ ሳን ሆዜ፣ አንድ ነገር ልብ የሚል ሰው ብዙ አይደለም። ኦክላንድ ውስጥ በ1909 በነርሶች ማሠልጠኛነት የተጀመረው ሳሙኤል ሜሪት ዩኒቨርሲቲ ነርሶችን፣ ፊዚዮቴራፒስቶችን፣ የሐኪም ረዳቶችን፣ የእግር ሐኪሞችን ያስመርቃል። የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነርሶችን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎችን፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎችን ያወጣል። አጠቃላይ የሕክምና ዶክተር የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት ግን በሁለቱም ከተሞች የለም፤ እነዚያ ሳን ፍራንሲስኮና ስታንፎርድ ናቸው። ያቺ የነርስነት ተማሪ አብራ የምትለማመደው በደረጃ ከራሷ ጋር ከሚቀራረቡ ሰዎች ጋር ነው። ሐኪሙን የሚጫወተው አስተማሪ ነው፣ ያውም ክፉ ሐኪም ሆኖ። የነገው እውነተኛ ሐኪም በዚያው ሰዓት ከድልድዩ ማዶ ነው፤ ስለ እሷ ይማር ይሆናል፣ ከእሷ ግን አይማርም።

ሐኪም የሌለበት ቡድን ብዬ ሳስብ ሐሳቤ ጎንደር ይደርሳል። በ1953 ከጣና ሰሜን ያለውን የደምቢያን ሜዳ ወባ ፈጅቶት ነበር፤ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። ሐኪም ቢፈለግ ከየት ይመጣል? በአገሪቱ ያሉት እጅግ ጥቂት ነበሩ፣ ከእነሱም አብዛኞቹ የውጭ አገር ሰዎች። በዓመቱ በ1954 የኢትዮጵያ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ርዳታ የጎንደርን የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከፈተ። ኮሌጁ ሐኪም አላሠለጠነም። ጤና መኮንን፣ ኮሚኒቲ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ግቢ አስገብቶ፣ አንድ ጤና ጣቢያ አብረው እንዲሄዱ አድርጎ አሠለጠናቸው። ጤና መኮንኑ ያክማል፣ ያስተዳድራል። ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ትጎበኛለች። ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል።

የዓለም ጤና ድርጅት አብሮ ለመሥራት አብሮ መማር ያስፈልጋል የሚል ሰነድ ያወጣው በ1988 ነው፤ ጎንደር ላይ ነገሩ ከተጀመረ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ። ይህን የምለው «እኛ ቀደምን» ለማለት አይደለም፤ ያ ዘፈን ሰልችቶኛል። ምክንያቱ ስለሚለይ ነው። ባይ ኤሪያን ወደ ቡድን የገፋው የባለሙያ መብዛት ነበር። አንድ ታማሚ ለልቡ አንድ፣ ለኩላሊቱ ሌላ፣ ለአረማመዱ ሦስተኛ ባለሙያ ስላለው፣ የተከፋፈለውን ሰው መልሶ የሚሰፋ ያስፈልጋል። ጎንደርን የገፋው እጥረት ነበር። ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ ሲመጣ መኮንኑ ያድነዋል። ምንጩ ካልጸዳ ግን በወሩ ይመለሳል፤ እናቱም ውሃ እንድታፈላ የሚነግራት ከሌለ ምንጩ መጽዳቱ ብቻውን አይበቃም። በሽታው አንድ ነበር፤ ባለሙያዎቹን አንድ ያደረጋቸው እሱ ነው። መምህሩ ስለ ትብብር ባይናገርም ተቅማጡ ይናገራል።

በ1978 ከላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ጎንደር ላይ የሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ። በዚያው ጊዜ ገደማ የጤና መኮንን ሥልጠና ቆመ፤ የተመለሰውም በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሐኪም ማሠልጠን ትልቅ ነገር ነው፣ አገሪቱ ያስፈልጋት ነበር። ሆኖም ከቡድኑ ሦስት እግሮች አንዱ ተነሥቶ የተተካው ነገር ምን እንደሆነ ማሰብ ደግ ነው። ኋላ ላይ ኮሌጁ ሐኪሙንም ጨምሮ የቀድሞውን አሠራር በቡድን ሥልጠና መልሶ አመጣው፤ ጅማም በ1983 በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርት የተከፈተውን ተቋሟን ይዛ ይህንኑ ሠራች። የመጨረሻ ዓመት የሕክምና፣ የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የላቦራቶሪ፣ የአካባቢ ጤና ተማሪዎች አንድ ላይ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ከተሞች ሳምንታት ይኖራሉ። የማኅበረሰቡን ችግር ያጠናሉ፣ ከችግሮቹ የቱ ይቅደም ብለው ይወስናሉ፣ የቻሉትን ይሠራሉ።

ኦክላንድ ውስጥ የማውቃቸው የጎንደር ምሩቃን ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ስለ ትብብር አያወሩም፤ ስለ ጠብ ነው የሚያወሩት። ማን ሰብሳቢ ይሁን? የቤት ኪራዩና የሽሮው ብር እንዴት ይዋጣ? የሕክምናው ተማሪ መጸዳጃ ሲቆፈር አካፋ ይይዛል ወይስ ፎቶ ይነሣል? ያኔ የሕክምና ተማሪ የነበረ አንዱ የነገረኝን አልረሳውም። የነርስ ተማሪዋ ያለ እሱ አንድ ቤት አንኳኩታ ስትገባ፣ የቤቱ እመቤት ለእሱ ያልነገረችውን ሁሉ ነገረቻት። «እኔ ስሄድ ነጠላዋን ታስተካክላለች፤ እሷ ስትሄድ ቡና ታፈላለች» አለኝ። ከሌላው መማር ማለት ይህ ይመስለኛል። ልጁ የነርስነትን ትምህርት አልተማረም፤ የራሱ መኖር ከፊቱ የሚሸሽገውን ነገር ተማረ። ይህን በሲም ላብ ማስተማር አይቻልም፤ የላስቲክ ሰው ነጠላ አያስተካክልም።

ሹመትና የመናገር መብት የሚለያዩበትን ሥርዓት ያደግንበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይተነዋል። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልኡካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። ቄሱ በማዕረግ የበላይ ነው፣ ይህን የሚጠራጠር የለም። ግን የዲያቆኑ ተራ ሲደርስ ቄሱ ጠብቆ ያሰማዋል፤ ዲያቆኑ፣ አንዳንዴ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ፣ «ተነሡ» ሲል አዛውንቱ ሁሉ ይነሣል። ሕዝቡም የራሱ ተራ አለው። የኦክላንድ መድኃኔዓለም እሑድ ጠዋት የሚያስቀድስ ነርስ፣ ሰኞ ሥራ ገብቶ የተጻፈ የንግግር ሥርዓት «ያደርቃል» ብሎ ሲያማርር እስቃለሁ። ከቅዳሴ በላይ የተጻፈ ንግግር የት አለ? ማንም ደረቀ አላለውም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ቅዳሴ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ የታማሚ ክፍል አያውቅም። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ተራ የሌለው ሰው እንኳ ተራ ሊያገኝ ይገባል።

እዚህ ላይ ነው ትምህርቱ የሚያጥረው፤ ቡድኑን የሚቆጥረው በፈቃድ ወረቀት ነውና። እስቲ አንዲት እናት እናስብ። ሳን ሆዜ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ፣ የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ከቁርስ በፊት የሚወሰድ ግሊፒዛይድ የሚባል ኪኒን ታዞላቸዋል። ሁዳዴ ገባ። እናታችን ኪኒኑን ሐኪም አዟልና በጠዋት ይውጣሉ። ጾሙንም እግዚአብሔር አዟልና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ኪኒኑ ያለ እህል ስኳሩን ያወርደዋል። ረፋድ ላይ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ አንድ ቀን ወደቁና ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ሐኪሙ ቁጥሩን ያያል፣ መጠኑን ይቀንሳል። ፋርማሲስቷ ጠርሙሱ ላይ «ከቁርስ ጋር» የሚል ወረቀት ትለጥፋለች። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ የእንቁላልና የእርጎ ሥዕል ያለበት ወረቀት ትሰጣቸዋለች፣ በሁዳዴ! በስልክ ያለው አስተርጓሚ የተባለውን በታማኝነት ያስተላልፋል። «ቁርስ ይበላሉ?» ተብለው ሲጠየቁ «አዎ እበላለሁ» ይላሉ፤ በልተው ያውቃሉና አልዋሹም። ሁሉም ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

ምክንያቱን የምታውቀው በስቴቱ የቤት ውስጥ እንክብካቤ ፕሮግራም በሰዓት እየተከፈላት የምትረዳቸው ሴት ናት። ጠዋት የምታፈላው ሻይ ሳይነካ እንደሚቀዘቅዝ ታያለች። ሌላም የምታውቀው አለ፤ አዲስ አበባ ሳለች ፋርማሲስት ነበረች፣ ለዓመታት ከመደርደሪያው ኋላ ቆማለች። ኪኒኑ ከምግቡ ጋር ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሊዛወር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ እንደሚገባም ታውቃለች። እዚህ አገር ወረቀቷ ስላልታየላት ስሟ «ኬርጊቨር» ነው። እናትየው ደግሞ ሐኪሙ «አይጹሙ» ቢላቸው አይሰሙም፤ የሚሰሙት አንድ ሰው ነው፣ የንስሐ አባታቸው። ቄሱ «ታማሚ ነዎት፣ ይብሉ» ቢሏቸው ነገሩ ያልቃል። ይህን ሕመም ሊያስቆሙ የሚችሉት ቄሱና ተንከባካቢዋ ናቸው፤ ሁለቱም በቡድኑ ዝርዝር ውስጥ የሉም። የጎንደሯ ነርስ ቡና የተፈላላትም እንደ እነሱ ለሰዉ ቅርብ ስለነበረች ነው።

ይህን ሁሉ ለአንዲት የሳን ሆዜ ነርስ ነግሬያት ነበር። በአገር ቤት «ሲስተር» ስትባል ኖራ እዚህ እንደገና ፈተና ወስዳ የገባች፣ ሌሊት የምትሠራ ሴት ናት። እስክጨርስ ታገሠችኝ። «አንተ ጽሑፍህን ጻፍ» አለችኝ፣ «እኔ ግን ድፍረት የሚባለውን ነገር አልወደውም። ድፍረት ሌሊት በስምንት ሰዓት አይገኝም። እኔ የሚያስፈልገኝ ስልክ ቁጥር ነው።» በሆስፒታላቸው ነርስ ታማሚዋ ካላማራት ሐኪሙን ሳታስፈቅድ አንድ ቁጥር ትደውላለች፤ ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድኑ በደቂቃዎች ውስጥ አልጋው አጠገብ ነው። ማንም ለምን ጠራሽን አይላትም። ሌላም ነገረችኝ፦ ካሊፎርኒያ በ1999 ባወጣው፣ ከ2004 ጀምሮ በሠራው ሕግ መሠረት በተራ የሕክምና ክፍል አንዲት ነርስ ዛሬ ከ5 ታማሚ በላይ አትይዝም። «ዐሥር ይዤ ቢሆን አምባር አላይም፣ አይቼም አልናገርም።»

ትክክል ናት፤ ጽሑፌንም በግማሽ አፍርሳዋለች። ሰውን ደፋር አድርጎ ከመቅረጽ፣ ድፍረት የማይፈልግ በር መክፈት ይቀላል። አንድ ነገር ብቻ አስቀርቻለሁ፦ ያን ቁጥር የምትደውል ነርስ፣ ከመደወሏ በፊት «ይህን መናገር የእኔ ነው» ብላ ወስናለች። ውሳኔዋን የሚወስንላት ቁጥር የለም፤ መወሰንን የተማረችው ተማሪ ሳለች፣ አብረዋት ከተቀመጡት ነው።

ተንከባካቢዋስ? እሷም በመጨረሻ ክሊኒኩ ደወለች እንበል። የተቀዳው ድምፅ ታካሚ ከሆኑ 1ን፣ ከሐኪም ቢሮ ወይም ከፋርማሲ የሚደውሉ ከሆነ 2ን ይጫኑ ይላታል። ትንሽ አሰበችና 1ን ተጫነች፤ ከፊቷ 14 ሰው ተሰልፏል።